የአዳዳ እልልታ

እኔ የሰርግ ዘፋኝ ነኝ። ይህን ስል አንዳንዱ ሰው «እሱስ ሥራ ነው?» በሚል ዓይን ያየኛል፤ ጥር ሲገባ ግን ያው ሰው ለልጁ ሰርግ ሊያነጋግረኝ ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። በሮቤ፣ በጎባ፣ በሲናና፣ አንዳንዴም እስከ ጊኒር ድረስ ያልዘፈንኩበት ድንኳን የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ባለቤቴ ኦርጋን ይጫወታል። እሱ ዝምተኛ ነው፣ እኔ አፈኛ ነኝ። ሰው ስለ እኛ ሲጠይቀው «እግዜር አመጣጥኖ ነው ያጋባን» ይላል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አይናገርም።

ኮረና አገራችን ገባ የተባለው ዐቢይ ጾም ላይ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ለእኛ ሁለተኛው ጥር ነው፤ ቀጠሮ ይዘናል፣ ልብስ አሰፍተናል። ሰው መሰብሰብ ሲከለከል ሰርጎቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ። አንዳንዶቹ ሙሽሮች ግን ቀናቸውን ማሳለፍ አልፈለጉም፤ ምስክሮቻቸውን ብቻ ይዘው ተጋቡና ቤታቸው ገቡ። አንዷን በዓይኔ አየኋት። የሮቤ አስፋልት ዳር፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ቬሎዋን ጭኗ ላይ ሰብስባ፣ ማስክ አድርጋ ተቀምጣለች። ባጃጁ እንደ ማንኛውም ቀን ተሳፋሪ ይዟት አለፈ፤ ሾፌሩ ክላክስ እንኳን አላደረገላትም። ከማላውቃት ልጅ ሰርግ ቀርቼ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሰርግ ላይ ሁሌ አብሮን የሚሠራ፣ ከተማው ውስጥ ቪዲዮ ቤት ያለው ሰው አለ። አንድ ቀን መጣና «ፌስቡክ ላይ ቀጥታ እንግባ። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቆቹ ዘፋኞች ሁሉ ከሳሎናቸው ሆነው እየዘፈኑ ነው» አለን። እኔም «ለባጃጇ ሙሽራ እንዝፈን» አልኩ። የፕሮግራሙን ስም «ያለ ድግስ ለተጋባችሁ» አልነው። የሳሎናችን ግድግዳ ላይ መጋረጃ ሰቀልን፣ ስልኩን መቆሚያው ላይ አደረግን፣ ቀዩን የሰርግ ልብሴን ለበስኩና ቆምኩ።

የሰርግ ዘፈን ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የሰዉ ነው። እኔ አወጣለሁ፣ ሰዉ ይቀበላል። ሰዉ ሲቀበል እኔ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፣ ቀጣዩን ግጥም አስባለሁ፣ የሙሽራዋ እናት እያለቀሰች እንደሆነ አያለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ያን ቀን የመጀመሪያውን ግጥም አወጣሁና እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ሳሎኑም ዝም አለ። ባለቤቴ እጁን ኦርጋኑ ላይ ጭኖ ያየኛል። ቪዲዮ አንሺው «ቀጥዪ! ቀጥዪ!» እያለ በእጁ ያጣድፈኛል። ስልኩ ላይ አንዱ «ድምፅ ጠፋ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «የእናንተ ሰፈር ኔትወርክ መቼም አይሻሻል» አለ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። እኔ ተቀባይ እየጠበቅኩ ነበር።

እንደምንም ጨረስኩና ልብሴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። «ከእንግዲህ ግድግዳ ላይ አልዘፍንም» አልኳቸው። ባለቤቴ ትንሽ አሰበና «አዳዳን እናምጣት» አለ።

አዳዳ የአባቴ እህት ናት። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ጎባ ወስዳ ከአንድያ ልጇ ጋር ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጇን እህቴ እላታለሁ፤ እህቴም ናት፤ አንድ አልጋ ላይ እየተራገጥን ነው ያደግነው። አዳዳ ዘፋኝ አይደለችም። ግን ጎባ ውስጥ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አዳዳ እልል ካላለች «ቆይ፣ ቆይ» ይባል ነበር። የእሷ እልልታ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ረጅም ነው፤ አለቀ ስትሉ ይቀጥላል፤ መጨረሻው ላይ ሰበር ታደርገውና በሳቅ ትዘጋዋለች። ሰዉ እልልታውን ሰምቶ ሳይሆን ያቺን ሳቅ ጠብቆ ነበር አብሮ የሚስቀው።

መጣች። ሚኒባሱ በግማሽ ሰው ስለሚጭን «እንደ ባለሥልጣን ብቻዬን ተንፈላስሼ መጣሁ» እያለች ነው የገባችው። ማስኩ አገጯ ላይ ነው። «ወደ ላይ አድርጊው እንጂ» ስላት «አፍንጫዬ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ስልክ ፊት ቁሚ ብንላት ግን በጄ አላለችም። «እኔ በእርጅናዬ ፌስቡክ ላይ አልወጣም፤ ለልጄም እንዳትነግሩብኝ» ብላ ከስልኩ ጀርባ በርጩማ አስመጥታ ተቀመጠች። እኔ ሳወጣ እያጨበጨበች ትቀበለኛለች፤ ቦታው ሲደርስ እጇን አፏ ጋ አድርጋ ታስነካዋለች። ሳሎኑ ድንኳን ሆነልኝ። ተመልካቹ አያያትም፣ ይሰማታል። «ያቺ እልል የምትለው ሴትዮ ማን ናት?» ብለው የሚጽፉ በረከቱ። አንዲት ሙሽራ ደግሞ «ያለ እልልታ ተድሬ ሆዴ ባብቶ ነበር፤ ዛሬ የተዳርኩ መሰለኝ» ብላ ጻፈች። ለአዳዳ አነበብኩላት። «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩላት። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

እንዲህ እያልን፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ እያቋረጥን፣ ሲመጣ እየቀጠልን ክረምቱን አለፍነው። ለመስቀል አዳዳ «ቤቴን አይጥ ወረሰው» ብላ ወደ ጎባ ተመለሰች። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ምድጃ ላይ የጣድኩት ሽንኩርት አርሮ ቤቱን ጭስ ሞላው፤ ባለቤቴ እየሮጠ መጥቶ እስኪያወርደው ድረስ እኔ አጠገቡ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም። ተመረመርን። ሁለታችንም ላይ ተገኘ። ከቤት እንዳትወጡ ተባልን።

ያን ጊዜ ኮረና የያዘው ሰው እንደ ሌባ ነበር የሚታየው፤ በሩ ላይ ጣት ይቀሰርበታል። ስለዚህ ለቪዲዮ አንሺውና በስልክ ለእህቴ ብቻ ነገርኩ። እህቴ ደነገጠች፣ በየቀኑ እየደወለች «ምን ቀመስሽ?» ትለኝ ነበር። «ለሀርሜ እንዳትነግሪ» አልኳት። እናቷን የምትጠራት እንዲያ ነው። ለአዳዳ ጉንፋን ነው ተባለ።

አንድ ጠዋት እህቴ ከጎባ ደወለች። ድምፅዋን ሰምቼ ገባኝ። «ሀርሜ አልነቃችም» አለች። የቆየ ደም ግፊት ነበረባት፤ እሱ ነው የጣላት። ነጠላዬን ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ባለቤቴ ቆሞ ጠበቀኝ። «የት ልትሄጂ ነው? ለቀስተኛውን ልትጨርሺው ነው?» አለኝ። ክርር አድርጎ ሲናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። መልሼ ለእህቴ ደወልኩ። «አትምጪ» አለችኝ፤ እያለቀሰች እኔን ታጽናናለች። «ለሰዉ እኔ እነግርልሻለሁ። ልጇ ታማ ነው እላለሁ።» ቤቴ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ ብቻዬን አለቀስኩ። ብቻን ማልቀስ ምን ያደርጋል? ለቅሶም እንደ ሰርግ ነው፣ የሚቀበል ይፈልጋል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበሯት። አመሻሹ ላይ ከእህቴ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣ።

«እናቴን አፈር አልብሼ ገና ከመግባቴ ሰዉ ስልክ አሳየኝ» ትላለች። «ቀይ ልብስሽን ለብሰሽ ትጨፍሪያለሽ። ቀጥታ ይላል። ታምሜያለሁ ብለሽ አስለቀስሽኝ፤ እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ሰው ልጇ ታማ ነው እያልኩ ስለምን ዋልኩ። እንግዲህ እግዜር ያሳይሽ። እኔ አልፈልግሽም።»

ነገሩ አልገባኝም። ስልኬን ከፍቼ ገጻችን ላይ ገባሁ። እውነትም እኔ ነኝ። በቀይ ልብስ፣ ትከሻዬን እየሰበቅሁ፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ። ከላዩ ላይ «አሁን በቀጥታ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ነሐሴ ላይ የዘፈንኩት ነው። ድምፁን ከፈትኩት። እኔ አወጣሁ፤ ከስልኩ ጀርባ አዳዳ ተቀበለች። ቀጥላ እልል አለች። ረዘመ፣ ረዘመ፣ ሰበር አለ፣ ሳቀች። ከተቀበረች ገና ሦስት ሰዓት አልሞላትም።

ቪዲዮ አንሺው ጋ ደወልኩ። «እናንተ ስለታመማችሁ ተመልካች እንዳይሸሸን ብዬ የቆየውን ለቀቅኩት» አለ፣ ተረጋግቶ። የአዳዳን ሞት አልሰማም።

«ቀጥታ ያልከውስ?»

«እሱን ካላልኩ ማን ያየዋል?»

ያልሰደብኩት ስድብ አልቀረም። በኋላ አሳዘነኝ፤ ሰውየው ለእንጀራው ነው። ግን ለሰዉ ሁሉ ወራት ሙሉ «ቀጥታ ማለት አሁን ማለት ነው፣ አሁን እያያችሁን ነው» እያልን ያስተማርነው እኛው ነን። ጎባ ያለ ሰው ምን ብሎ ይጠርጥር?

ለእህቴ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። «የቆየ ነው፣ እናትሽ ራሷ አለችበት፣ ድምፁን ስሚው» ብዬ ጻፍኩላት፣ አልከፈተችውም። በኋላ እንደሰማሁት ስልኩን ሲያሳዩዋት ለቅሶ ቤት ነውና ድምፁን ዘግተውት ነበር። እሷ ያየችው የእኔን ጥርስ ብቻ ነው።

ሐኪሞቹ ደህና ናችሁ ባሉን ማግስት ጥቁር ለብሼ ጎባ ወጣሁ። በእኛ ዘንድ ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ የቅርብ ሰው ከአጥሩ በር ጀምሮ ነው የሚያለቅሰው። ውስጥ ያሉት ድምፁን ሲሰሙ ተነስተው ይወጣሉ፣ አብረውት ያለቅሳሉ፣ ይዘውት ይገባሉ። ያልተነሱለት ሰው ለቅሶው እንደ ደረሰ አይቆጠርም። እኔ በሩ ላይ «አዳዳዬ! እናቴ!» ብዬ ድምፄን ለቀቅኩት። ግቢው ውስጥ ሰዉ ተራርቆ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አንድም ሰው አልተነሳም። እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተችው። ሁለተኛ ጠራሁ፣ ሦስተኛ ጠራሁ። ሰርግ ቤት ቢሆን ግጥም እቀይር ነበር፤ እዚህ ምን እቀይራለሁ? አንድ የእድሩ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ልጄ፣ ተቀመጪ። ርቀትሽን ጠብቂ» አሉኝ። በበሽታው ማመካኘት ይቻል ነበርና ሁሉም በዚያው አመካኘ።

ተቀመጥኩ። ቆይቼ ወደ እህቴ ጠጋ አልኩና «የቆየ ነው እኮ፤ አዳዳ እያለች የተዘፈነ ነው፤ እልልታዋ...» ስላት፣ ከነጠላዋ ስር «የእናቴን ስም ከዘፈንሽ ጋር አትጥሪው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም። ሮቤ እስክደርስ ድረስ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ግንባሬን ደግፌ ነው የሄድኩት። አዳዳን በማጣቴ ላይ እህቴን ማጣቴ ተጨመረ፤ ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ቪዲዮው ከፌስቡክ ጠፋ። የጎባ ዘመዶቻችን ተባብረው ሪፖርት አድርገውት ነው። እህቴ ናት የአጎቶቿን ልጆች ሁሉ ሰብስባ «ከምድረ ገጽ አጥፉልኝ» ያለቻቸው። ይህን ጎባ ያልሰማ አልነበረም። ቪዲዮ አንሺው ጋ ሄጄ ቅጂ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ያስቀመጠበት ሜሞሪ ካርድ ላይ የሰው ክርስትና ቀርጾበታል። የሌሎቹ ፕሮግራሞችስ ስለው አንገቱን ደፋ፤ ገጹ እንዳለ ተዘግቷል። ባለቤቴና እኔ ስልካችንን ከላይ እስከ ታች ፈተሽን። ሁለታችንም ሌላ ሰው ያስቀመጠው ነበር የመሰለን።

ቆይቶ፣ የአዳዳ አርባ ሊደርስ ሲል፣ ስንዴው እየታጨደ ኮምባይኖች በከተማው መሃል በሚያልፉበት ወቅት፣ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ልብስ ሳጥብ የአጥሩ በር ተንኳኳ። እህቴ ናት። ከስታለች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ዱፍቴ?» አልኳት። መጣሽ? ማለቴ ነው። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

«አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ጥቁሬን የሰፋችልኝ» አለች። «በስልኳ ታይሽ ነበር አሉ፣ ክረምቱን። ሀርሜ አለችበት አለችኝ። እልልታዋን አውቀዋለሁ፣ የሷ ነው አለችኝ።» የበሩን ጠርዝ ያዘች። «ማሎ፣ አሰሚኝ።»

ማሎ እባክሽ ማለት ነው። እህቴ ልመና የማታውቅ ሴት ናት።

«የለም» አልኳት።

«እንዴት የለም?»

«ተነሳ። ሰው ሪፖርት አደረገው። ካርዱም ላይ ሌላ ተቀርጾበታል።»

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ማን እንዳስነሳው ታውቃለች፤ እኔ ማወቄንም ታውቃለች። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አፌን የሚያውቅ ሰው ያን ቀን ዝም ማለቴን ቢሰማ አያምንም። ግን ፊቷን አየሁት፣ ያ ሁሉ ንዴት የት እንደገባ ጠፋኝ። የሳሙናውን እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ።

«ስልክሽ ላይስ? ድምፅዋ ብቻ እንኳን?»

«የለም።»

ገባችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እንዴት ነው እልል ያለችው?» አለች።

«እንደ ሁሌው ነዋ።»

«እንደ ሁሌው እንዴት? በይልኝ እስቲ።»

እሷም ጥቁር ለብሳለች፣ እኔም ጥቁር ለብሻለሁ። ሐዘን ላይ ሆኖ እልል ማለት ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ጎባ የኮነነኝ በዚሁ ነው። እጄን አፌ ጋ አደረግሁና እልል አልኩ። ከበሽታው በኋላ ትንፋሼ አልተመለሰም ነበር፤ መሃል ላይ ተቆረጠ።

«አይደለም» አለች እህቴ። «ዝቅ አድርጋ ነው የምትጀምረው።»

«ከፍ አድርጋ ነው። እኔ ስንት ዓመት...»

«እኔ ልጇ ነኝ!»

«እኔስ?» አልኳት።

እጇን አፏ ጋ አድርጋ ራሷ ሞከረች። የእሷም አዳዳን አልሆነም። እኔ ደግሜ ሞከርኩ፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች። እሷ ደገመች፤ መጨረሻው ላይ መስበር ሲኖርባት አለፈችው፣ ሳቁም አልመጣላትም። ገና አርባዋ አልወጣም፣ ሁለት ልጆቿ ተቀምጠን በድምፅዋ አልተስማማንም።

ከአጥሩ ማዶ «ማሻአላህ! ምን ተገኘ? ማን ወለደ?» የሚል ድምፅ መጣ። በቅርቡ ከጊኒር መጥተው ጎናችን የተከራዩ አዛውንት ሴት ናቸው። ለደስታችን ሊደርሱ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ፣ ፈገግ ብለው ገቡ። ጥቁራችንን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

«ማንም አልወለደም እማማ» አለች እህቴ። «እናታችን ሞታ ነው።»

ጎባ በር ላይ ተቀባይ ያጣው ለቅሶዬ መጣ። «አዳዳዬ!» አልኩ። እህቴ ከደረጃው ላይ ተነሳች። መጥታ አንገቴን ያዘችና ድምፅዋን ከድምፄ ላይ ለቀቀችው። ሴትዮዋ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና፣ ጫማቸውን አውልቀው አጠገባችን መሬት ላይ ተቀመጡ።